ኑግ ያለበት ግቢ፦ ለጎንደር ልጆች

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ግቢያችሁ ወፍ እንዲለምድ ከፈለጋችሁ፣ ከምግቡ በፊት ጽዳቱን ቀነስ አድርጉት። ከአራዳ እስከ አዘዞ ግቢ አማረ የሚባለው ሣሩ ተነቅሎ ሲሚንቶ ሲፈስበት ሆኗል። ድንቢጥ ደግሞ ኑሮዋ የሣር ዘር ነው። አጥር ሥር ትንሽ መሬት ተዉላት። አደይ አበባንም ከመስቀል በኋላ አትንቀሏት፤ ከኑግ ጋር አንድ ቤተሰብ ናት፣ ደርቃ ዘር ትስጥ።

ኑግን ካነሳሁ አይቀር፣ አሜሪካኖች ፊንች የተባሉትን ትናንሽ ወፎች ለመሳብ የሚገዙት ጥቁር ዘር ይኸው የእኛ ኑግ ነው። መገኛው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። እዚያ የሚሸጠው እንዳይበቅል በሙቀት ታክሞ ነው። እናንተ ከገበያ ትኩሱን ታገኛላችሁ። ዛሬ ኑግ ውድ ነው፤ ለቀን አንድ እፍኝ ይበቃል። በጣባ አድርጋችሁ ድመት ከማይደርስበት ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥሉት።

ወፏ ስትበላ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ፍሬዋን በመንቁሯ እያገላበጠች ትፈለፍልና ገለባውን ትጥላለች። ስለዚህ ጣባው ሙሉ ቢመስላችሁም አትመኑት። እፍ በሉበት፤ ገለባው ይበርና የቀረው ይታያል። ያቺ ወንዱ ቀይ፣ ሴቷ ቡናማ የሆነችው ትንሽ ድንቢጥ ግን መሬት ላይ መልቀም ትወዳለች። ለእሷ የጤፍ ግርድ በትኑላት። የሻገተ እህልና ጨው ያለው ምግብ ለማናቸውም አትስጡ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ክረምቱን ነው። ዝናብ ሲገባ መሬት ላይ የነበረው ዘር ይበቅላል፣ አዲሱ ሣር ደግሞ ገና አላፈራም። ሰኔና ሐምሌ ይርባቸዋል፤ ያኔ አታቋርጡ።

በበጋ የሚቸግረው ውሃ ነው። የጎንደርን የውሃ ችግር አውቃለሁ፤ ሳሙና ያልነካው የአትክልት እጣቢ ይበቃል። ጥልቀቱ ከሁለት ጣት አይብለጥ፣ መቆሚያ ድንጋይም አስቀምጡበት። ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ፤ ጣባውን በሳምንት አንዴ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። በቆሸሸ ጣባ ሳልሞኔላ የተባለ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይተላለፋል። የታመመች ወፍ ላባዋን ነፍታ ቁጭ ትላለች፣ ስትጠጓትም አትሸሽም። እንዲህ ያለች ካያችሁ ምግቡን ለሁለት ሳምንት አንሱ፤ ወፎቹ ይበታተኑ።

ቶሎ ካልመጡ ቦታውን አትቀያይሩ። አንዷ እስክታገኘው ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። አንዷ ከለመደች ሌሎቹ እሷን አይተው ይመጣሉ።