መርከብ ላይ ልትሠሩ ላሰባችሁ የጎንደር ልጆች

ባሕር ዳር ማሪታይም አካዳሚ (የመርከብ ባለሙያ ማሠልጠኛ) ገብታችሁ መርከብ ላይ ለመውጣት የምታስቡ ብዙ ናችሁ። ስለ ዶላሩ ሁሉም ይነግራችኋል። እኔ ዕድሜዬን በመርከብ ጥገና ስለጨረስኩ ከመርከብ ስለሚፋቀው አሮጌ ቀለም ቆሻሻ ላውራችሁ።

የመርከብ ሆድ የሚቀባው ቀለም ለውበት አይደለም። አልጌና ዛጎል ለበስ ፍጥረታት እንዳይጣበቁበት ቀስ እያለ መርዝ የሚለቅ ነው። ከተጣበቁበት መርከቡ ይከብዳል፤ ነዳጅ ይበላል። ዛሬ በብዛት የሚገባበት መርዝ መዳብ ነው። ድሮ ግን ቲቢቲ የሚባል ነበር። እሱስ ጉድ ነው! በአንድ ቢሊዮን ሊትር ውሃ ውስጥ ጥቂት ግራም ብቻ ሲገባ እንኳ አንዳንድ የባሕር ቀንድ አውጣ ሴቶች የወንድ ብልት ያበቅሉ ነበር። ዓለም አቀፉ የእገዳ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2001 ጸድቆ በ2008 ሥራ ላይ ዋለ።

«እንግዲያ ቀርቷል» አትበሉ። ስምምነቱ አሮጌውን ቀለም ሳይፍቁ በሌላ ቀለም ማሸግንም ይፈቅድ ነበር። ያረጀ መርከብ ስትፍቁ ከሥር ምን እንዳለ በዓይን አይለይም።

ግራይንደሩ ሲነሣ ቀይ ቡኒ ብናኝ ይበናል፤ ምራቃችሁ ሳይቀር ይቀላል። የጨርቅ ማስክ አይረባም፤ ፊልተር ያለው ይሁን። በዚያ ቱታ ምሳ አትቅረቡ።

ከሁሉም በላይ ግን ወለሉን ተመልከቱ። ጥገናው ሲያልቅ ድራይ ዶኩ፣ ማለት ውሃው ወጥቶ መርከቡ የሚጠገንበት ገንዳ፣ ውሃ ይሞላል። ወለሉ ላይ የቀረ የቀለም ቅርፊት ሁሉ ያኔ ባሕር ገባ ማለት ነው። ፎርማኑ «ሰዓት የለም፣ በጎማ እጠበው» ይላችኋል። ሁሌም ይላል። እናንተ ከመጀመሪያው ሸራ አንጥፉ፤ የፍሳሹን ቀዳዳ ድፈኑ። ቅርፊቱን ጠርጋችሁ ክዳን ባለው በርሜል ክተቱ። ሳንድ ብላስት (አሸዋ በግፊት እየረጩ መፋቅ) ከሆነ አሸዋውም ተመርዟልና አብሮ ይታፈስ። ያጠባችሁበት ውሃም ተጠራቅሞ ይጣራ እንጂ አይደፋ። ማቃጠል ጭራሽ አይታሰብ።

ጎርጎራ ጀልባ የምትጠግኑም አላችሁ። ጣና ጨው የለውም፤ ያ የባሕር ዛጎል እዚህ አይደርስም። ርካሽ ተገኘ ብሎ ከወደብ የተረፈ የባሕር ቀለም መቀባት ዓሣውን በከንቱ መመረዝ ነው። ለብረቱ የዝገት መከላከያ ይበቃዋል።

በርሜሉን ስታስረክቡ ወረቀት ጠይቁ፦ ማን ተረከበ፣ ስንት ኪሎ፣ ወዴት ይሄዳል። በዚህ የሚቆጣ ሰው ካጋጠማችሁ በርሜሉን ገና አትስጡት።