የአንባቢያን ጥያቄ፦ የሕፃናት ድርጅቶች የፖሊሲ ጥናት ኢንተርንሺፕ

በዚህ ወር ከጅማ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጉዳይ ያነሣሉ፦ በዩኒሴፍና መሰል ድርጅቶች ውስጥ በፖሊሲ ጥናት ክፍል ለመለማመድ ምን ያስፈልጋል? ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ኢኮኖሚክስ 4ኛ ዓመት ነኝ። ዩኒሴፍ «የፖሊሲ ጥናት ኢንተርን» ብሎ ያወጣውን ማስታወቂያ አየሁ። አሁን ልሞክር ወይስ ማስተርሴን ልጨርስ? ሥራውስ ምንድን ነው? — ከመንቲና

አሁን ሞክሪ። የዩኒሴፍ መነሻ ደንብ ዕድሜሽ 18 የሞላ፣ በመጀመሪያ፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ላይ ያለሽ ወይም ከተመረቅሽ ሁለት ዓመት ያላለፈሽ መሆንን ይጠይቃል። ከእንግሊዝኛ፣ ከፈረንሳይኛና ከስፓኒሽ አንዱን በደንብ መቻልም አለብሽ። እናት፣ አባት፣ እህት ወይም ወንድም እዚያው ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ከሆነ አይሆንም። ቆይታው ከ6 እስከ 26 ሳምንት ነው። አንዳንዱ ማስታወቂያ ከዚህ በላይ ማስተርስ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ከጠቅላላው ደንብ ይልቅ ማስታወቂያውን እመኚ። ማስተርስ እስክትጨርሺ መጠበቅ የሚያስገኝልሽ ብዙ ነገር የለም። ከተመረቁ በኋላ ሥራ ሲፈልጉ ቆይተው ሁለቱ ዓመት ያለፈባቸው ግን ብዙ ናቸው።

ሥራው ስሙ እንደሚያስፈራው አይደለም። ፖሊሲ የሚያረቅ ኢንተርን የለም። ኢንተርኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጥናት ርዕሶችንና አጭር መግለጫዎችን እያነበበ የሚገባውንና የማይገባውን ይለያል፣ የተመረጡትን በኤክሴል ይመዘግባል፣ ዳታ ያጸዳል፣ ሰንጠረዥ ይሠራል፣ በረቂቁ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ ያረጋግጣል፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። አሰልቺ ነው። አለቃሽ ሚኒስቴር ፊት ቀርቦ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ተብሎ ሲጠየቅ የማያፍረው ግን በዚህ ሥራ ነው። ሲቪሽም ይህን አሰልቺ ሥራ በትክክል መሥራት እንደምትችዪ ማሳየት አለበት። «ሕፃናትን እወዳለሁ» ብሎ የሚጀምር የማመልከቻ ደብዳቤ ስለ ችሎታሽ ምንም አይናገርም።

ፐብሊክ ሄልዝ ተመርቄአለሁ። የጽሑፍ ናሙና ስለተጠየቅሁ ከ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት (ኢዲኤችኤስ) ዳታ ተነሥቼ «በጅማ ዞን የሕፃናት መቀንጨር» የሚል 40 ገጽ መመረቂያ ጽሑፌን ልልክ ነው። ይሆናል? — ከቆጪ

እንዳለ አትላከው። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

የመጀመሪያው ርዝመቱ ነው። ፖሊሲ ክፍል ውስጥ 40 ገጽ የሚያነብልህ አታገኝም፤ ሁለት ገጽ ይበቃል። ከላይ ዋናውን ግኝት በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀምጥ። ቀጥሎ ማስረጃውን ከአንድ ሰንጠረዥ ወይም ግራፍ ጋር፣ ከዚያ ማን ምን ማድረግ እንዳለበት፣ መጨረሻ ላይ የዳታውን ድክመት ጻፍ። «መንግሥት ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» ምክረ ሐሳብ አይባልም። የትኛው ቢሮ፣ በየትኛው በጀት፣ ምን ያድርግ?

ሁለተኛው ርዕሱ ራሱ ነው። የ2016ቱ ጥናት (እ.ኤ.አ.) በ645 የቆጠራ ቦታዎች የተካሄደ ሲሆን ናሙናው ለአገር፣ ለከተማና ለገጠር እንዲሁም ለክልል እንዲበቃ ነው የተወሰደው። ለዞን አይበቃም። ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 38 በመቶው ቀንጭረዋል፤ አማራ ክልል ላይ 46 በመቶ፣ አዲስ አበባ ላይ 15 በመቶ ገደማ ነው ማለት ይቻላል። «ጅማ ዞን ይህን ያህል» ማለት ግን አይቻልም። ጉዳዩን የሚያውቅ ገምጋሚ ርዕሱን አይቶ ፋይሉን ሊዘጋው ይችላል። ርዕሱን ወደ ኦሮሚያ ክልል አስፋው።

ዳታውን እንደገና ስትከፍት ሁለት ነገር አጣራ። ዌይቱን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ተጠያቂ የተሰጠውን የናሙና ክብደት፣ ተጠቅመሃል? ቪ005 የሚባለው ተለዋዋጭ በ1,000,000 ተካፍሎ ነው የሚሠራበት። ትንንሾቹ ክልሎች ከሕዝባቸው ብዛት በላይ ስለተወከሉ ያለ ዌይት የወጣ አገራዊ ቁጥር የተዛባ ነው። ስታታ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ክላስተሩንና (የቆጠራ ቦታውን) ስትራታውንም (ናሙናው የተከፈለበትን ምድብ) ማሳወቅ አለብህ፤ ካልሆነ የስሕተት ህዳጉ ከእውነተኛው ጠቦ ይወጣል።

ሌላው ካላንደሩ ነው። የኢትዮጵያ ዲኤችኤስ ፋይሎች ቀኑን የያዙት በእኛው አቆጣጠር ስለሆነ የቃለ መጠይቁ ዓመት 2008 ሆኖ ይመጣል። ወራትን የሚቆጥረው ሲኤምሲ የሚባለው ኮድ ላይ 92 ወር፣ ማለትም 7 ዓመት ከ8 ወር፣ ስትደምር ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይለወጣል። የልጁ ዕድሜ የሁለት ቀኖች ልዩነት ስለሆነ አይነካም። ከዝናብ፣ ከዋጋ ወይም ከሌላ አገር ዳታ ጋር ስታያይዘው ግን ሁሉም ወደ ስምንት ዓመት ይንሸራተታል፤ ሶፍትዌሩም ስሕተት ነው ብሎ አይነግርህም።

ቁጥርን ከጊዜው ጋር ማንበብም አትርሳ። ይኸው ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ እንደሆነ ይገልጻል። ብዙ ጽሑፍ ይህን ቁጥር «የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አልሠራም» ለማለት ይጠቀምበታል። መረጃው የተሰበሰበው ግን ከጥር እስከ ሰኔ 2008 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ክረምት ነው። ያልተጀመረ ሥራ ወደቀ አይባልም። ይህን በናሙናህ ላይ በአንድ አንቀጽ ማሳየት ከ40 ገጽ ይበልጥ ያስመሰግንሃል።

ኦንላይን ፎርሙ ላይ ስሜንና የልደት ቀኔን እንዴት ልሙላ? ዲግሪዬ ገና አልወጣም። — ከሄርማታ

ስምሽን ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል ጻፊ። ሲቪው ላይ የአባት ስም፣ ፎርሙ ላይ የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ከገባ በኋላ ላይ ሁለት ሰው ትሆኛለሽ። ልደትሽ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከሆነ ዓመቱ ላይ 7፣ ከዚያ ወዲያ ከሆነ 8 ይደመራል። ወሩንና ቀኑንም መለወጥ እንዳይረሳ፤ ዓመቱን ብቻ ለውጠው የሚልኩ አሉ።

ለዲግሪው ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት ከሬጅስትራር ያስወጪ። እሱም ከሌለ ተማሪ መሆንሽን ወይም ትምህርትሽን መጨረስሽን ቀን ጠቅሶ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤና ስቱደንት ኮፒ ለማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ያገለግላል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከወጪ መጋራት ጋር ስለሚያያዝ እሱን ስትጠብቂ ቀኑ እንዳያልፍ።

የመዝጊያ ሰዓቱም ያሳስታል። 11፡55 ፒኤም በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ከተባለ በእኛ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ55 ነው። ኔትወርክ የሚጨናነቀው ያኔ ነውና በዋዜማው ጨርሺ።

ልጄ በቴሌግራም «ዩኒሴፍ ተቀብሎሻል፣ ለምዝገባ ብር አስገቢ» የሚል መልእክት ደረሳት። ብሩን ልላክ? — አባት፣ ከአጂፕ

አይላኩ። ዩኒሴፍ ለማመልከቻም ሆነ ለቃለ መጠይቅ ወይም ለሥልጠና ክፍያ አይጠይቅም። ልጅዎ በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ያመለከተችበት የማስታወቂያ ቁጥር አላት? ከሌላት የሚቀበላትም የለም። የመታወቂያዋን ፎቶ ልካላቸው ከሆነ ለባንክዎ ያሳውቁ።

ከጅማ አዲስ አበባ ሄጄ ያለ ደመወዝ እንዴት እኖራለሁ? ፍሎሬንስ ያለው የጥናት ማዕከልስ ይሞከራል? — ከፈረንጅ አራዳ

ዩኒሴፍ በጀት ሲኖር ለኑሮ የሚሆን አበል ይከፍላል። ለጉዞና ለቪዛም የአንድ ጊዜ ድጋፍ ሊሰጥ ይችላል። የጤና መድን ግን ራስህ ነህ የምትገዛው። በማስታወቂያው ላይ ስለ አበል ካልተጻፈ ቃለ መጠይቁ መጨረሻ ላይ ጠይቅ፤ ነውር የለውም። በርቀት የሚሠራ ከሆነ ጅማ ሆነህ መሥራት ትችላለህ፤ የመብራትና የኔትወርክ አማራጭህን ግን አስቀድመህ አስብበት።

የዩኒሴፍ የጥናት ማዕከል ኢኖቼንቲ በጣሊያን ፍሎሬንስ እ.ኤ.አ. በ1988 ነው የተቋቋመው። ውድድሩ ከዓለም ዙሪያ ነው። መሞከር ይቻላል፤ በእሱ ብቻ መተማመን ግን አንመክርም። ተራው የሸንገን ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን አያሳልፍም፤ የስድስት ወር ልምምድ የጣሊያንን የረጅም ጊዜ ቪዛ ይፈልጋል። ከተቀበሉህ በመጀመሪያው ደብዳቤህ የመጀመሪያ ቀንህን ከቪዛው ጋር እንዲያገናዝቡት ንገራቸው።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ የሕፃናት ፖሊሲ ፎረም ሥራው በሙሉ ይኸው የሕፃናት ፖሊሲ ጥናት ነው፤ ሰው ግን ዩኒሴፍን ብቻ ያያል። ሴቭ ዘ ችልድረን፣ ፕላን ኢንተርናሽናልና ወርልድ ቪዥንም አሉ።

ሁለት ጊዜ አመልክቼ መልስ አላገኘሁም። ጅማ ተቀምጬ ምን ልሥራ? ልምድ የለኝም። — የሶሺዮሎጂ ተመራቂ

ልምድ የለኝም ያልሽው ላይ አንስማማም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ሲቢቲፒ (ማኅበረሰብ ተኮር ሥልጠና) ወጥቶ ቤት ለቤት መረጃ ሰብስቧል። ሲቪሽ ላይ «በማኅበረሰብ ተኮር ሥልጠና ተሳትፌአለሁ» ብለሽ አትለፊው። የስንት ቤተሰብ መረጃ፣ በምን መጠይቅ፣ በየትኛው ቀበሌ፣ ማን ዳታውን አስገባ፣ ምን ውጤት ወጣ? የአንቺን ድርሻ ለይተሽ ጻፊ። ሕፃናት ለክታችሁ ከሆነ ዘዴውን ጥቀሺ፦ ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ተጋድሞ፣ ከዚያ በላይ ያለው ቆሞ ይለካል፤ ትንሹ ቆሞ ከተለካ 0.7 ሴንቲ ሜትር ይጨመርለታል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሜዳ ላይ እንደነበረ ይታወቃል።

ከተማችን የጥናት ድሃ አይደለችም። በአዲስ አበባ መንገድ ያለው የግልገል ግቤ የጥናት ማዕከል የነዋሪውን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ሲከታተል የቆየ ነው። የጅማ የወጣቶች ቤተሰብ ተከታታይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ከ2,000 የሚበልጡ ታዳጊዎችን ይዞ ነው የተነሣው። እነዚህ ላይ የሠሩ መምህራን ግቢው ውስጥ ናቸው። ሄደሽ «ሥራ ስጡኝ» ከማለት «በዚህ ጽሑፋችሁ ሦስተኛ ሰንጠረዥ ላይ ይህ ጥያቄ አለኝ» ማለት ይሻላል። ከዚያ ዳታ ማጽዳትም ሆነ ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ይመጣል። አፋን ኦሮሞና አማርኛ ሰምተሽ ወደ እንግሊዝኛ የምትመልሺ ከሆነ ይህን ሲቪው አናት ላይ አድርጊው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ያንግ ላይቭስም አለልሽ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ 20 ቦታዎች ላይ 3,000 ልጆችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ነው። ዳታው ተመዝግቦ ለሚጠይቅ ክፍት ነው፤ በእሱ ባለ ሁለት ገጽ ናሙና መሥራት ትችያለሽ።

የራስሽን መረጃ ከሆነ የምትጠቀሚው የልጆቹን ስም፣ የቤት ቁጥርና ስልክ አስወግጂ። የወላጅ ፈቃድና የልጁ የራሱ እሺታ እንደተወሰደ፣ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ቁጥርም ካለ፣ በአንድ መስመር ጥቀሺ። ሕፃናት ላይ የሚሠራ ድርጅት ይህን ሳያይ አያልፍም።

ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ፤ የጽሑፍ ፈተናም አለ። ምን ይጠይቃሉ? — ከጊንጆ

ፈተናው ብዙ ጊዜ ረጅም ሪፖርት በተወሰነ ሰዓት ወደ አንድ ገጽ ማሳጠር ወይም የተበላሸ ኤክሴል ማስተካከል ነው። በሁለት ሰዓት ተለማመድ። ጥሩ መለማመጃ የሚሆንህ የያኔው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት የሕፃናት ዘርፈ ብዙ እጦት ሪፖርት ነው። ከ18 ዓመት በታች ካሉት 88 በመቶው ቢያንስ ሦስት መሠረታዊ ነገሮች ይጎድሏቸዋል ይላል። «88 በመቶው ድሃ ናቸው» ብለህ ካሳጠርከው ወደቅህ፤ የተለካው የገንዘብ ድህነት ሳይሆን እንደ ውኃ፣ ጤናና መኖሪያ ያለ እጦት ነው።

በቃል ከሚጠየቁት መካከል የሕግ ማዕቀፉ አይቀርም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ1989፣ የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በ1990 ወጡ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. ነው። ከአገራችን ደግሞ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 አንብብ። ጥያቄው ካልገባህ ድገሙልኝ በል። የማታውቀውን ቁጥር ከመገመት ይልቅ ከየትኛው ሰነድ እንደምታገኘው ተናገር።