ጤና ጣቢያ ያልመጣውን ሰው ማን ይቁጠረው? ጥያቄና መልስ ከባህር ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባህር ዳር ነው፤ ጤና መኮንን ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በከተማውና በጣና ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች እየዞርኩ «እዚህ ሰፈር ሰውን የሚጎዳው ምንድን ነው? ምን ይጎድለዋል?» እያልኩ ነው። የጤና ፍላጎት ዳሰሳ እንለዋለን። በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ ዛሬ እዚሁ በግልጽ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ጣቢያው በየወሩ ሪፖርት ይልካል። ያ እያለ ቤት ለቤት መዞር ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ሪፖርቱ የሚቆጥረው የመጣውን ሰው ነው። ያልመጣውን አያውቀውም። የመጣውንም ቢሆን ሁሌ በትክክል አይጽፈውም። ደቡብ ጎንደር፣ ሊቦ ከምከም ወረዳ የሆነውን ላስታውሳችሁ። በ1997 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን ከተማ ዙሪያ ሰው በማይለቅ ትኩሳት እየከሳ፣ ሆዱ እየተነፋ ይሞት ነበር። አካባቢው ወባማ ስለሆነ ወባ ነው ተባለ። መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ደግሞ ወባው መድኃኒት ተላምዷል ተባለ። ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ! በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። ካላዛር የመተማና የሁመራ ቆላ በሽታ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ሊቦ ይኖራል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። የሊቦና የፎገራ ወጣት ግን ለሰሊጥ አጨዳ ወደዚያው ቆላ ይወርዳል። ከዚያ ታሪክ በኋላ እኔ «ባለፈው ዓመት ለሥራ የት ወርደህ ነበር?» የሚል ጥያቄ የሌለው መጠይቅ ይዤ ወጥቼ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ባህር ዳር ከተማ አይደለም እንዴ? ገጠሩ ከየት መጣ?

መልስ፦ አስፋልቱንና ዘንባባውን ብቻ ካየህ ልክ ነህ። ግን ዘጌ፣ መሸንቲ፣ ዘንዘልማና ጢስ ዓባይም በአስተዳደር ከባህር ዳር ጋር ናቸው። በ1999ኙ ቆጠራ እነዚህን ሁሉ የያዘው የባህር ዳር ልዩ ዞን 221,991 ሰው ነበረው፤ ከተማዋ ብቻዋን 155,428። ከ10 ሰው ሦስቱ ከዋናው ከተማ ውጭ ይኖር ነበር ማለት ነው። ቀበሌ 14 ያለች ነጋዴና ዘጌ ቡና የምትለቅም እናት ተደምረው የሚወጣው አማካይ የሁለቱንም ኑሮ አይነግርህም። ስለዚህ ከተማ፣ ከተማ ዳር፣ ገጠር፣ ሐይቅ ዳርና ደሴት እያልኩ ለይቼ ነው የማጠናው። በጣም የምፈራው ለከተማ ዳሩ ነው። እርሻው ለቤት መሥሪያ የሄደበት ገበሬ፣ ከገጠር መጥቶ በጭቃ ቤት የተከራየ የቀን ሠራተኛ፣ ተፈናቅሎ ዘመድ ጋር የተጠጋ ሰው እዚያ ነው ያለው። የገጠሩ ባለሙያ የከተማው ነው ይላል፤ የከተማው ደግሞ የገጠሩ። በመሀል ማንም ሳይመዘግበው ይቀራል።

አንድ ነገር ልጨምር። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999ኙ ነው። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀምበት የሕዝብ ብዛት ግምት ነው። ግምቱ በእርግጥ ካለው ሰው ሲያንስ የተከተበው ይበልጠዋል። አንዳንድ ቦታ የክትባት ሽፋን ከ100 በመቶ በላይ ሲወጣ የምታዩት አንዱ ምክንያት ይኼው ነው። መጀመሪያ ከጤና ኬላው የቤተሰብ ማህደር (የየቤቱ መዝገብ) ጋር አመሳክሩ፣ ካልገጠመ ቤቱን ራሳችሁ ቁጠሩ።

ጥያቄ፦ የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ነኝ። መጠይቅ ይዤ ስሄድ ሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አልዋሹሽም። ሰላምታ ነው የመለሱልሽ። «ጤናችሁ እንዴት ነው?» ብለሽ አትጀምሪ። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት እዚህ ቤት የታመመ ሰው ነበር? ያን ቀን ምን አደረጋችሁ? የት ወሰዳችሁት? ስንት ብር ወጣ?» በይ። የበሽታውንም ስም በእነሱ አፍ ጠይቂ። «ምች መታኝ» ያለሽ ሰው ወባም፣ ጉንፋንም፣ ከንፈር ላይ የሚወጣ ቁስልም ሊሆንበት ይችላል። «ምች» ያለውን «ሌላ» ብለሽ ምልክት አድርገሽ ካለፍሽ ጠፋ።

ዓይንሽንም ተጠቀሚ። ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ቀበሌ «የምትጠጡት ከየት ነው?» ስንል ቤቱ ሁሉ «ከፓምፑ» አለን። እኛም ጻፍን። ቀትር ላይ አንዲት እናት ከቢጫ ጀሪካን ውኃ በጣሳ ቀድታ ሰጠችኝ። ታች አሸዋ ተኝቷል። ትንሿ ልጅዋን «ይህን ማን ቀዳ?» አልኳት። «እኔ፣ ከባሕሩ» አለች፣ በእጇ ወደ ጣና እያሳየች። ፓምፑ ጋ ብንሄድ እጀታው የለም፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሣር በቅሏል። ሰዎቹ ድሮ ይቀዱበት የነበረውን ነው የነገሩን፤ እንግዳ ፊት «ከሐይቅ እንጠጣለን» ማለት አፍረው። የዚያን ቀን የሞላነውን ቅጽ በሙሉ እንደገና ጠየቅን።

ጥያቄ፦ ቢልሃርዝያ አሁንም አለ? የኛ ጤና ኬላ መዝገብ ላይ የለም።

መልስ፦ አለ። ጤና ኬላው ሰገራ አይመረምርም፣ ስለዚህ መዝገቡ ላይ ሊገኝ አይችልም። በጣና ዳር በዘጌም በሌላውም ቦታ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ተሸካሚው የውኃ ቀንድ አውጣ ነው፤ ትሉ በቆዳ ይገባል። ዓሣ አጥማጅ፣ ልብስ አጣቢና ዋናተኛ ልጅ ቀዳሚ ተጋላጮች ናቸው። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል በዘመቻ የሚሰጠው ባብዛኛው ለተማሪ ነው። ታንኳ ላይ የሚውለውን፣ ትምህርት ያቋረጠውን ልጅ ማን ያገኘዋል? ዳሰሳችሁ ይህን ጠይቆ ካልመለሰ ትልቅ ነገር ቀርቶታል።

ጥያቄ፦ መቼ ነው መሄድ የሚሻለው?

መልስ፦ ለገጠር የአጨዳ ሰሞን አትሂዱ፣ ቤቱ ባዶ ነው። በ12፣ በ21 ወይም በ29 ሂዱ። ለሚካኤል፣ ለማርያምና ለባለወልድ አይታረስም፤ ሰው ከቅዳሴ መልስ ቤቱ ይገኛል፣ ቡናም ይፈላል። ለከተማ እሑድ ከሰዓት። የከተማው በር በቆርቆሮ የተዘጋ ስለሆነ ከዕድሩ ዳኛ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዕድሩ ማን እንደሞተና ስንት ቀን እንደታመመ ከማንም መዝገብ የተሻለ ያውቃል።

ጥያቄ፦ የከተማው ችግር ከገጠሩ ይለያል?

መልስ፦ ይለያል፣ ግን እንደምታስቡት አይደለም። ደም ግፊትና ስኳር ከተማ ውስጥ ጎልቶ ይታያል፤ ምርመራው ስላለ ጭምር ነው። በ2007 ዓ.ም. በአገር ደረጃ በተደረገው ጥናት ከ100 አዋቂዎች ወደ 16ቱ ከፍተኛ ደም ግፊት ነበራቸው፤ ብዙዎቹ አያውቁትም። ገጠርም ለክታችሁ እዩ።

ጥያቄ፦ ችግሩ ብዙ ሲሆን የትኛውን ነው የምታስቀድሙት?

መልስ፦ እኔ ሽምብራ ነው የምጠቀመው። ችግሮቹን በሥዕል ወረቀት ላይ አስቀምጣለሁ፤ ለእያንዳንዱ ሰው 10 ፍሬ ሽምብራ እሰጣለሁ። የሚያሳስበው ላይ ያስቀምጥ። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ! አብረው ከሆኑ ሴቶቹ ባሎቻቸውን እያዩ ነው የሚያስቀምጡት። አንድ ደሴት ላይ ወንዶቹ ወባ ላይ ከመሩ። ሴቶቹ ጋ ግን ጀልባ ላይ ነበር፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም። ምጥ በሌሊት ሲመጣና ማዕበል ሲኖር የሚያሻግር የለም። አምቡላንስ ሐይቅ ላይ አይሄድም። ቀኗ የደረሰች እናት ቀድማ ተሻግራ የእናቶች ማቆያ እንድትገባ ይመከራል፤ ግን ቤት የሚቀሩትን ልጆች ማን ያበላል አሉን። ይህን ከቁጥር አላገኘውም ነበር።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የሐይቅ ዳር ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬ ሄዷል። ስንቱ መጥቶ ጠይቆን ጽፎ ሄደ። እኛ ምን አገኘን?

መልስ፦ አባቴ፣ እውነትዎን ነው፤ ይህን ስሰማ አንጀቴ ይላወሳል። እኔም በጀማሪነቴ ውጤቱን ለወረዳ አስገብቼ ወደ ቀበሌው ሳልመለስ የቀረሁበት ጊዜ አለ። ዛሬም ይቆጨኛል። አሁን መጠይቅ ከመጀመሬ በፊት ውጤቱን ይዤ የምመለስበትን ቀን ለቀበሌው እናገራለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም ዕድር ሲሰበሰብ በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ አነብላቸዋለሁ። ወረዳው የሚችለውንና የማይችለውንም እዚያው ይናገራል። የእርስዎ ቀበሌ በየትኛው ዓመት፣ በእነማን እንደተጠና የሚያስታውሱ ከሆነ በውስጥ ይላኩልኝ። ሪፖርቱን ወረዳው ጋ ፈልጌ አግኝቼ ይዤልዎ እመጣለሁ።