ከግጭት በኋላ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ መኪና አደጋ የምትጽፉልኝ በዝታችኋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ሦስት ገጽ የጻፉት ጋሼ ይቅር ይበሉኝ።

ሦስተኛ ወገን አለኝ፤ ኢንሹራንሱ ግን የራሴን መኪና አላሠራም አለ። ታዲያ ለምን ከፈልኩ?

ለሚገጩት ሰው። ለራስዎ መኪና ሙሉ ሽፋን የሚባል አለ።

የቆመ መኪናዬን ስፖኪዮ ገንጥሎ ያመለጠውን እንዴት ላግኘው?

አካባቢው ካሜራ ካለው ይሞክሩ። ከሌለው ስፖኪዮ ይግዙ።

ልጄን ባጃጅ ገጫት። ወዲያው ተነስታ «ምንም አልሆንኩም» አለች። ሾፌሩ ልጅ እግር ስለሆነ አሳዘነኝ፤ የሰጠኝን ብር ተቀብዬ፣ ሽማግሌ ፊት ፈርሜ ተለያየን። አሁን ራሴን ትላለች፣ ሁለቴም አስመልሷታል። ከፈረምኩ በኋላ መመለስ ነውር አይሆንም?

ማንበብዎን ያቁሙና ሆስፒታል ይውሰዷት። አሁን። ፋርማሲ አይደለም፣ ነገ ጠዋትም አይደለም። ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ማስመለስ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታትና ያለ ሰዓቱ የሚመጣ እንቅልፍ ጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰሱን ሊያመለክቱ ይችላሉ። ብድግ ብላ ልብሷን ማራገፏ ምንም አያረጋግጥም። ድንጋጤ ሕመም ይደብቃል፤ አዋቂውንም ያታልላል።

ነውሩን ለእኔ ይተዉት። እርቅ አልጠላም፤ ለተጣመመ ፓራፋንጎ ሽማግሌ ይበቃል። ሰው ሲጎዳ ግን ጉዳቱን ማንም ሳያውቅ በምን ሒሳብ ነው የምትስማሙት? ፖሊስ ካላወቀና ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) ካልተነሳ ኢንሹራንስ ጋ የሚቀርብ ማስረጃ የለም። የሕክምናው ወጪ እርስዎ ላይ ወይም ያው ያሳዘነዎት ሾፌር ላይ ይወድቃል። ሦስተኛ ወገን በአዋጅ ግዴታ የሆነው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው። ገጭቶ የተሰወረ ወይም መድን የሌለው መኪና ለጎዳው ሰው እንኳ የመድን ፈንድ አለ። ስለዚህ የሆስፒታሉን ወረቀት ሁሉ ይያዙና ፖሊስ ጋ ይሂዱ። መጀመሪያ ግን ልጅቷ!

ወንድሜ ተገጭቶ እግሩ ተሰበረ። ካሳው ስንት ይሆናል?

ጠበቃ ያነጋግሩ።

የተጎዳ ሰው ካየሁ አፋፍሼ ሚኒባስ ላይ ብጭነውስ?

መጀመሪያ ቀይ መስቀል ጋ ይደውሉ፣ 907። እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካላሰጋ አያንቀሳቅሱት። አንገቱ የተጎዳን ሰው በእጅና በእግሩ አንጠልጥሎ መውሰድ ሽባ ሊያደርገው ይችላል። የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገው ይያዙ። አምቡላንስ የማይደርስበት አገር ከሆነ ብዙ ሆናችሁ፣ አንገትና ጀርባው ሳይጣመም፣ እንደተጋደመ አንሱት። ውኃ አታጠጡት። ሃይላንድ ይዞ የሚሮጥ ሰው መቼም አይጠፋምና እሱንም ያዙልኝ።

አገር አቋራጭ መንገድ ላይ መኪና ሲቆም ድንጋይና ቅጠል እንደረድራለን። ልክ ነው?

የሚያንጸባርቀው ሦስት ማዕዘን ይሻላል፤ ከሌለ ቅጠሉ ይሁን። ድንጋዩን ግን ስትሄዱ አንሱት። ማታ የሚመጣው ሾፌር እናንተን ሳይሆን ድንጋያችሁን ነው የሚገጨው።