ከሐይቅ ባክቴሪያ ፕሮቲዬዝ ለምትሠራው እህታችን

ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ከጪቱ ሐይቅ ባሲለስ የሚባል ባክቴሪያ አውጥተሻል፤ ፕሮቲዬዝ (ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም) ያመነጫል፤ መጀመሪያ ሲሠራ የነበረው ኢንዛይም ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ በሁለት ሳምንት መሥራት አቆመብሽ። አማካሪሽ ደግሞ ኢንዛይሙ በየሙቀቱና በየፒኤቹ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየውን ግራፍ አምጪ እያለሽ ነው። እኔም እዚሁ ሃዋሳ፣ ከሻላ ዳር ባመጣሁት ባክቴሪያ ነው የተመረቅሁት። ስለዚህ የሚዲያውን (ባክቴሪያው የሚያድግበትን ምግብ) አዘገጃጀት ዘልዬ እኛ አካባቢ ሰው የሚያስለቅሰውን ልንገርሽ።

1. ኢንዛይምሽ ራሱን እየበላ ነው። ሥራው ፕሮቲን መቁረጥ ነው፤ እሱ ራሱም ፕሮቲን ነው። 4 ዲግሪ ላይ ስታስቀምጪው ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ከባሲለስ የሚወጡት አልካላይን (በከፍተኛ ፒኤች የሚሠሩ) ፕሮቲዬዞች ብዙዎቹ ቅርጻቸውን የሚይዝላቸው ካልሲየም ነው። ከ2 እስከ 5 ሚሊሞላር ካልሲየም ክሎራይድና ግሊሰሮል ጨምረሽ፣ በትንንሽ ቲዩብ ከፋፍለሽ -20 ላይ ክተቺው። አንዴ የቀለጠውን መልሰሽ እንዳታበርጂው። በፈርሽ (ፒኤቹን የሚጠብቀው ፈሳሽ) ፎስፌት ወይም ካርቦኔት ከሆነ ግን ካልሲየም አትጨምሪ፤ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ታች ይቀመጥብሻል።

2. ኢንዛይሙን በአሞኒየም ሰልፌት ጨው ልታዘቅጪ ከሆነ መጀመሪያ ሱፐርናታንቱን (ባክቴሪያው ከተለየ በኋላ የሚቀረውን ፈሳሽ) ወደ ፒኤች 7 ወይም 8 አውርጂው። በ10 ላይ ጨው ስትጨምሪበት አሞኒያ ይለቅና ላቡ ውስጥ መቆም ያቅታል። ከዚያ ዲያሊሲስ (ጨውና ትንንሽ ሞለኪውሎችን በስስ ሽፋን አሳልፎ ማስወገድ) በደንብ አድርጊ። በደንብ ያልኩበት ምክንያት ቀጥሎ ይመጣል።

3. ብላንክ (ኢንዛይሙ ሳይሠራ የሚለካው ማነጻጸሪያ ቲዩብ)። እዚህ ላይ እባክሽ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ። በካዚን (የወተት ፕሮቲን) እና በፎሊን (ቀለም የሚያወጣ ኬሚካል) ነው የምትለኪው ብዬ ነው፤ እዚህ ሁሉም የሚሠራው እንደዚያ ነው። ፎሊን ሰማያዊ የሚሆነው በተለይ ታይሮሲን (ከፕሮቲን ክፍሎች አንዱ) ሲያገኝ ነው። ሚዲያሽ ውስጥ ያለው ፔፕቶንና የስት ኤክስትራክት ደግሞ በታይሮሲን የተሞላ ነው። እኔ ያልተጣራውን ሱፐርናታንት በቀጥታ ስለካ ብላንኩ ከናሙናው እኩል ሰማያዊ ሆነ። ሁለቱን ቲዩብ መስኮት ላይ አንስቼ አየሁ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ በዓይን አይለይም ነበር። በደንብ ዲያሊሲስ ካደረግሁ በኋላ ነው ብላንኩ የገረጣው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሙቀትና ለእያንዳንዱ ፒኤች የራሱን ብላንክ ሥሪ፤ ኢንዛይሙ ላይ ሥራውን የሚያስቆመውን ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ አስቀድመሽ፣ በዚያው ሙቀትና ፒኤች የቆየውን ካዚን በኋላ። ካዚን በ70 ዲግሪና በፒኤች 10 ላይ ኢንዛይም ባይኖርም ትንሽ ይፈርሳል። አንድ ብላንክ ለሁሉም ብለው የሚሠሩ ልጆች ግራፋቸው የሚያምረው ለዚህ ነው፤ ግን የኢንዛይሙ ግራፍ አይደለም።

4. ትሪስ በፈርን በሙቅ ውሃ እንዳታምኚው። ሙቀቱ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፒኤቹ በ0.028 ያህል ይወርዳል። በ25 ዲግሪ 9 ያደረግሽው 60 ላይ 8 አካባቢ ይሆናል። ፒኤች ሜትሩን ሙቁ በፈር ውስጥ ከትቼ ያየሁት ቀን ከዚያ በፊት የተሠሩ ስንት ቴሲሶች ትዝ አሉኝ። በፈሩን በምትሠሪበት ሙቀት ላይ አስተካክዪ። ከ9 በላይ ከሆነ ግላይሲን ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ይሻልሻል።

5. ስቶር። እዚህ ላይ አሁንም ሆዴ ይቃጠላል። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ያዘዝነው ታክ ፖሊመሬዝ (ዲኤንኤ የሚያባዛ ኢንዛይም) እና የፕሮቲን ማርከር (የፕሮቲን መጠን ማነጻጸሪያ) በበረዶ ታሽጎ አርብ ከሰዓት ደረሰ። ሁለቱም -20 የሚቀመጡ ናቸው። የስቶር ኃላፊውን «ፍሪዘራችን እዚህ ጎን ነው፣ እንክተተውና ወረቀቱ ሰኞ ይሠራ» አልኩት። «ሞዴል 19 ሳይቆረጥ ከዚህ ምንም አይነሳም» አለኝ፤ የዕቃ መረከቢያ ደረሰኙን ማለቱ ነው። «እሺ ቁረጥልኝ» ስል «ኮሚቴው ሳይረከብ?» ብሎ ቁልፉን አንጠልጥሎ ወጣ። ካርቶኑ ላይ በቀይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ ባሳየውም ዞር ብሎ አላየውም። ሰኞ ረፋድ ላይ ሲከፈት በረዶው ውሃ ሆኖ ካርቶኑን አርሶታል። ማርከሩ ጄል ላይ ባንዱ ተዝረከረከ፤ ታኩም ባክቴሪያውን በዲኤንኤ ለምንለይበት 16ኤስ ፒሲአር አልሠራም። አዲስ ግዢ ማለት ደግሞ እንደገና ፕሮፎርማ፣ እንደገና ጥበቃ ነው። ያ ሁሉ የመንግሥት ገንዘብ ነው! ማንም አልተጠየቀም።

አንቺ እንዲህ አድርጊ። ዕቃው ገና ሳይመጣ ለስቶሩና ለግዢ ክፍሉ «ቀዝቃዛ ዕቃ ሲደርስ ቀጥታ ወደ ላብ ፍሪዘር ይገባል፣ ርክክቡም እዚያው ይፈጸማል» የሚል ደብዳቤ በዲፓርትመንቱ ማኅተም አስጽፊ፤ ኮፒውን ከእጅሽ አትለዪ። አቅራቢውንም አርብ እንዳይልክ ንገሪው። እኔ ያንን ደብዳቤ አስፈርሜ ትቼው ነው የወጣሁት፤ ከኋላዬ የመጡት ልጆች ዛሬም እየተጠቀሙበት ነው፤ ደስ ይለኛል። መብራት ስለሚጠፋም ኢንዛይምሽን በሁለት ፍሪዘር ከፍለሽ አስቀምጪ። ባክቴሪያው ስፖር (ክፉ ጊዜ የሚያሳልፍበት ጠንካራ ቅርጽ) ስለሚሠራ ለእሱ ብዙ አትጨነቂ።

ኢንሂቢተር (ኢንዛይሙን የሚከለክል ኬሚካል) ስትሞክሪ፣ ሰሪን ፕሮቲዬዝ የሚባለውን ዓይነት የሚከለክለው ፒኤምኤስኤፍ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበላሻል፤ ፒኤቹ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። በፒኤች 10 ላይ ጨምረሽው «አልከለከለውም፣ ስለዚህ ሰሪን ፕሮቲዬዝ አይደለም» ብለሽ እንዳትጽፊ። በአይሶፕሮፓኖል አሟሚው፣ በ7 ወይም 7.5 ላይ ከኢንዛይሙ ጋር አቆዪው፣ ከዚያ ወደ 10 ውሰጂው። መርዝ ነው፤ ጓንት አድርጊ። ኢዲቲኤ (የብረት አዮኖችን የሚይዝ ኬሚካል) ትንሽ ቢቀንሰውም ወዲያው ሜታሎፕሮቲዬዝ (ለመቁረጥ የብረት አዮን የሚፈልግ ዓይነት) ነው አትበይ። ካልሲየሙን ስለሚነጥቀው ብቻ ሊደክም ይችላል።

ባክቴሪያውን ወይም ዲኤንኤውን ወደ ውጭ ልትልኪ ካሰብሽ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል። የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጋር አሁኑኑ ጀምሪ፤ ለመጨረሻው ወር አታቆዪው።

ተስፋ እንዳትቆርጪ ደግሞ ይህን ልንገርሽ። ሥራዬ ሲያልቅ ከሥጋ ቤት አንድ ቁራጭ የፍየል ቆዳ ለምኜ ኢንዛይሙ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው ፀጉሩ ከነሥሩ ተነሳ፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ ንጹሕና ለስላሳ ነበር። ቆዳ ፋብሪካዎች ለዚህ ሥራ ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ ነው የሚጠቀሙት፤ ያ ሽታ ሞጆን ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ከራሳችን ሐይቅ የወጣ ባክቴሪያ ያንን ሊተካ የሚችል ነገር ይሠራል ማለት ነው። አንቺም ሞክሪው፤ ቴሲስሽ ላይ ከግራፉ ይልቅ ፈታኞቹ የሚያዩት ያንን ፎቶ ነው።

የብላንክሽን ንባብና የተጠቀምሽበትን በፈር እዚሁ ጻፊልኝ፤ ማታ ማታ እገባለሁ፣ አየዋለሁ።