ትእዛዛችሁ እስከ የት ይሂድ? ለአዳዲስ የሰርቨር አስተዳዳሪዎች

ውድ ወጣቶች፣

የዜና ቡድኖችን፣ ማለትም በርዕስ የተከፈሉ የጽሑፍ መወያያ መድረኮችን፣ የሚያስተናግድ ሰርቨር ስትረከቡ አስቀድሞ የሚነገራችሁ ስለ ዲስክ ስፋትና ስለ መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ይህ በየትኛውም መመሪያ ውስጥ ይገኛልና አልደግመውም። እኔ የምጽፍላችሁ አብዛኛው አስተዳዳሪ ዘግይቶ ስለሚያስብበት ጉዳይ ነው፤ የላካችሁት የቁጥጥር መልእክት፣ ማለትም ሰርቨሮችን የሚያዝ መልእክት፣ የት ደርሶ እንደሚቆም።

የዜና ቡድኖቹ የሚገኙበት የሰርቨሮች መረብ፣ ዩዝኔት፣ እ.ኤ.አ. በ1979 መጨረሻ በዱክና በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ሲጠነሰስ ማዕከል የሚባል ነገር አልተበጀለትም። እያንዳንዱ ሰርቨር የደረሰውን ለጎረቤቶቹ ያቀርባል፣ እነሱም ለጎረቤቶቻቸው። የቁጥጥር መልእክትም የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። ቡድን የሚከፍተው «ኒውግሩፕ»፣ ቡድን የሚዘጋው «አርኤምግሩፕ»፣ የተለጠፈ ጽሑፍ የሚሽረው «ካንስል» ከተራ ጽሑፍ የሚለዩት «ኮንትሮል» የሚል ራስጌ (ከጽሑፉ አናት ላይ የሚቀመጥ የመረጃ መስመር) ስላላቸው ብቻ ነው። ለመሥሪያ ቤታችሁ ብቻ ብላችሁ የጻፋችሁት ትእዛዝ፣ በር ካልተዘጋበት፣ ስማችሁን ሰምቶ የማያውቅ አስተዳዳሪ ሰርቨር ላይ ይደርሳል። ከአፍ የወጣ አፋፍ የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ይህን ለመገደብ የተበጀው «ዲስትሪቢውሽን» (ሥርጭት) የተባለው ራስጌ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1987 የወጣው አርኤፍሲ 1036 የተባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ምሳሌ ሲሰጥ የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያን ያነሳል፤ ማስታወቂያው በዓለም አቀፍ ቡድኖች ውስጥ ይለጠፍና በራስጌው ላይ ኒው ጀርሲና ኒው ዮርክ ይጠቀሳሉ፤ የሚያዩትም በዚያ ያሉ አንባቢዎች ብቻ ይሆናሉ። ሰነዱ ራስጌው ሥርጭትን ለማጥበብ እንጂ ለማስፋት እንዳልሆነ ጨምሮ ይናገራል። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ የወጣው አርኤፍሲ 5536 «ሎካል» የሚለውን ቃል ከራስ ሰርቨር ለማይወጣ ነገር ለይቶ አስቀመጠው፤ «ወርልድ» ደግሞ ራስጌው በሌለበትም ያው ስለሆነ አትጻፉት አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ባልደረቦቼ የሚደናቀፉበት ነገር አለ። ራስጌው ልመና ነው። በሩን የሚዘጋው እያንዳንዱ ሰርቨር በራሱ ማዋቀሪያ ፋይል ላይ የጻፈው ደንብ ነው። ከአሥር ጎረቤቶቻችሁ ዘጠኙ ደንቡን ቢያከብሩና አንዱ ቢዘነጋ፣ መልእክቱ በዚያ በአንዱ በኩል ይወጣና ሁሉንም ያዳርሳል፤ የጎርፍ ሥርጭት ባሕርይው ይኸው ነው። ስለዚህ ራስጌውን መጻፍ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ አይኤንኤን በተባለው የዜና ቡድን ሰርቨር ፕሮግራም ላይ «ኒውስፊድስ» የሚባለው ፋይል ነው። በዚያ ፋይል በየጎረቤቱ ስም አንጻር፣ ከቡድኖቹ ዝርዝር ቀጥሎ፣ ከእዝባር በኋላ የሥርጭት ስሞች ይጻፋሉ። የቃለ አጋኖ ምልክት አስቀድማችሁ «ሎካል» ብትጽፉ ያ ጎረቤት ከእሱ በቀር ሌላውን ሁሉ ያገኛል። አንድ ወጥመድ ግን ልብ በሉ፤ ጭራሽ የዲስትሪቢውሽን ራስጌ የሌለው መልእክት ይህን ዝርዝር ሳይነካው ያልፋል። ዝርዝሩን አሳምረው ጽፈው ራስጌውን የሚዘነጉ ሰዎች አጥሩን ሠርተው መዝጊያውን ረስተዋል ማለት ነው።

ሌላው የሚምታታው መፈጸምና ማሳለፍ ነው። «ኮንትሮል.ሲቲኤል» የተባለው የአይኤንኤን ፋይል የደረሳችሁን ትእዛዝ ሰርቨራችሁ ይፈጽመው፣ በደብዳቤ ያሳውቃችሁ ወይስ ይጣለው የሚለውን ይወስናል። (ከመስመሮቹ የሚሠራው በመጨረሻ የገጠመው ነው፤ ከላይ ወደ ታች አንብቦ የመጀመሪያውን የሚይዝ መስሏችሁ ጠቅላላውን ደንብ ከታች ብታስቀምጡት የላይኛውን ሁሉ ይሽረዋል።) ይህ ፋይል ግን መልእክቱ ወደ ጎረቤት እንዳያልፍ አያደርግም። እናንተ የጣላችሁትን ትእዛዝ ጎረቤታችሁ ከእናንተው እጅ ተቀብሎ ሊፈጽመው ይችላል።

ጉዳቱ ምንድን ነው የሚል ካለ፣ «ጄኔራል» የሚባል የውስጥ ቡድን ያላቸው ሁለት ተቋማት አስቡ። አንዱ ተቋም የራሱን ሊዘጋ የላከው «አርኤምግሩፕ» አምልጦ ቢወጣና የሌላው ሰርቨር የላኪውን ማንነት ሳያጣራ የሚፈጽም ቢሆን፣ ምንም ያላጠፉ ሰዎች ቡድናቸውን ያጣሉ። በትልልቆቹ የቡድን ምድቦች ዘንድ ለዚህ መድኃኒቱ በዲጂታል ፊርማ ማረጋገጥ ነበር። ለውስጥ ቡድን ግን ፊርማ የሚያወጣ ማን አለ? ስለዚህ የሚጠብቀው በሩ ብቻ ነው። ከተቻለ ደግሞ ለውስጥ ቡድኖቻችሁ የተቋማችሁን ስም ቅድመ ቅጥያ አድርጉላቸው፤ ግማሹ ጣጣ ያኔውኑ ይቀራል።

«ሴንድሲስ» የተባለው ትእዛዝ ከዚህም የባሰ ነበር። የደረሰው ሰርቨር ሁሉ የጎረቤቶቹን ዝርዝር ለላኪው በኢሜይል እንዲመልስ ያዛል። ተንኮለኞች የሌላ ሰው ስም እያስመሰሉ ያለ ገደብ ሲለቁት የዚያ ሰው የመልእክት ሣጥን በሺዎች መልስ ይጥለቀለቅ ነበር። አሁን ጊዜው ያለፈበት ተብሎ ቀርቷል፣ እሰየው።

ማጥበብን ይህን ያህል ካመሰገንኩ ዘንድ፣ ማጥበብ ራሱ ስለሚያበላሸው ነገርም ልናገር። «ካንስል» የሚሽረው ጽሑፍ በደረሰበት ሁሉ መድረስ አለበት። ጽሑፉ ያለ ገደብ ወጥቶ ሳለ መሻሪያውን «ሎካል» ብላችሁ ብትልኩት፣ ከእናንተ ሰርቨር ላይ ይጠፋል፣ በሌላው ሁሉ ግን እንዳለ ይቀመጣል። ይባስ ብሎ እናንተ ስለማታዩት የጠፋ ይመስላችኋል። ስለዚህ የመሻሪያው የቡድኖች ዝርዝርና የሥርጭት ራስጌ ከዋናው ጽሑፍ ጋር አንድ ይሁን። በአይኤንኤን የቁጥጥር መልእክትን ለአንድ ጎረቤት ጨርሶ የሚከለክል ምልክት አለ፤ በድንጋጤ እሱን የሚጭኑ አስተዳዳሪዎች አውቃለሁ። ለእኔ ይህ የስንፍና መፍትሔ ነው፤ መጥፎውን ትእዛዝ ሲያስቀር ትክክለኛውን መሻሪያም አብሮ ያስቀራል።

ወደ ውስጥ በሚገባውም ላይ እንዲሁ ጥብቅ ሁኑ። በ«ኒውስፊድስ» ላይ የራሳችሁን ሰርቨር በሚወክለው መስመር የምትቀበሏቸውን ሥርጭቶች ብትዘረዝሩ፣ ከሌላ ተቋም ያመለጠ የውስጥ ትእዛዝ ከደጅ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ካዋቀራችሁ በኋላ ሞክሩት። በሙከራ ቡድን ላይ «ሎካል» ያለበት ጽሑፍ ለጥፉ፣ ያንኑ በ«ሎካል» መሻሪያ ሻሩት፣ ከዚያ የመሻሪያውን የመልእክት መለያ ለአንድ ጎረቤት አስተዳዳሪ ልካችሁ እንዲፈልገው ለምኑት። ካላገኘው መልካም። ካገኘው «ፓዝ» የሚለውን ራስጌ ገልብጦ ይላክላችሁ፤ እያንዳንዱ ሰርቨር ስሙን ከፊት ስለሚጨምር ንባቡ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። የሰርቨራችሁን ስም ፈልጉ፤ ከእሱ በስተግራ የተጻፈው መልእክቱን ከእናንተ የተቀበለው ነው፣ የሚስተካከለውም በ«ኒውስፊድስ» ላይ ያለው የእሱ መስመር ነው።