መልስ፦ ሐሰተኛ ድምፅ የሕዝብን አስተያየት ይለውጣል ወይ?

ጤና ይስጥልኝ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቀነባበረ ድምፅ በእርግጥ የምርጫ ውጤት ያስቀይራል ወይስ ነገሩ ተጋኗል ለሚለው ጥያቄዎ የስሎቫኪያ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2023 ሊካሄድ በነበረው የፓርላማ ምርጫ ዋዜማ፣ የተራማጅ ስሎቫኪያ ፓርቲ መሪ ሚካል ሺሜችካ ከጋዜጠኛ ሞኒካ ቶዶቫ ጋር ሆነው ምርጫውን ስለማጭበርበር ሲመካከሩ የሚያሰማ ቅጂ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሠራጨ። ሁለቱም ወዲያውኑ አስተባበሉ። ይሁን እንጂ ቅጂው የወጣው የአገሪቱ ሕግ ከምርጫው በፊት ለ48 ሰዓት የምርጫ ቅስቀሳን በሚከለክልበት ጊዜ በመሆኑ፣ ማስተባበያው እንደ ወሬው በፍጥነት ሊዳረስ አልቻለም። በዚያ ላይ የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ በወቅቱ የነበረው ደንብ የተቀነባበረ ቪዲዮን እንጂ ድምፅን አይመለከትም ነበር።

ሺሜችካ ተሸነፉ፤ የተሸነፉት ግን በዚህ ቅጂ ምክንያት ነው ለማለት የሚያስደፍር ማስረጃ የለም። ሰው አስቀድሞ የሚጠረጥረውን ፖለቲከኛ የሚያስወቅስ ወሬ ሲሰማ ፈጥኖ ማመኑ አዲስ ነገር አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በጋዜጠኛዋ ላይ የደረሰው ነው። የዘጋቢ ሀብቱ መታመኑ ሆኖ ሳለ፣ ድምፅዋ ያለፈቃዷ ያልተናገረችውን እንዲናገር ተደረገ፤ ከዚህ በኋላ ደግሞ ሙስና ሲፈጽም በእውነት የተቀዳ ባለሥልጣን ሁሉ «ድምፁ የማሽን ሥራ ነው» ብሎ ማምለጥ ይችላል። ስለዚህ የዜና ክፍሎች «ሐሰት ነው» ብለው ማለፍ የለባቸውም፤ ቅጂውን መጀመሪያ ማን እንደለጠፈው፣ በማን እንደተመረመረና ምን እንደተገኘበት ለአድማጩ ዘርዝረው ሊያሳዩ ይገባል።